መብራቱ እየሠራ ትራፊክ ፖሊስ በእጁ ሲያስተናብር መጨናነቁ ይቀላል ወይስ ይብሳል?

ሠናይት ከሲኤምሲ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሁሌ የሚከነክነኝን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ሙያው ያለው ሰው ካለ በቅንነት ያስረዳኝ።

መሥሪያ ቤቴ ሜክሲኮ ነው፣ ቤቴ ሲኤምሲ። ጠዋት በሃይገር እሄዳለሁ፣ ማታ ባለቤቴ በመኪና ይወስደኛል። በመመለሻችን ላይ አንድ መስቀለኛ አለ። ስሙን አልጠራም፤ እዚያ የሚቆሙት ልጆች ፀሐይና ዝናብ የሚፈራረቅባቸው ስለሆኑ ጣት ልቀስርባቸው አልፈልግም። መብራቱ ይሠራል። ሰከንዱን የሚቆጥረው ሰሌዳም ይሠራል። ከ11 ሰዓት በኋላ ግን ትራፊክ ፖሊሱ መሀል ይገባና መብራቱ እንደሌለ ይቆጠራል። አረንጓዴ ሲበራልን እጁን ዘርግቶ ያቆመናል። ቀይ ሲበራ «ና፣ ና፣ ና» ይለናል።

ስንቆም የምንቆመው ረጅም ነው። ሞተር የሚያጠፋው ብዙ ነው። ሶፍትና ማስቲካ የሚሸጡት ልጆች ሰልፉን ከፊት እስከ ኋላ ዞረው ይመለሳሉ። ሲለቀን ደግሞ ማብቂያ የለውም፤ ከሩቅ የሚመጣው ሁሉ ፍሬን ሳይነካ ያልፋል።

ባለፈው ሰሞን ከፊታችን የነበረች ቪትዝ አረንጓዴውን አይታ ገባች። ፖሊሱ ያን ጊዜ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ ከግራ ያሉትን እየለቀቀ ነበር። አንድ ቅጥቅጥ ጎማው እስኪጮህ ፍሬን ይዞ ከቪትዟ በር አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው ቆመ። ሴትየዋ መሪውን እንደጨበጠች እጇ ይንቀጠቀጣል። ፖሊሱ መጥቶ «እኔን አታዪም?» አላት። አልመለሰችለትም፤ ጣቷን ብቻ ወደ መብራቱ ቀሰረች።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸው ነው። ፖሊሱ መብራቱ የማያየው የሚያየው ነገር አለ? ካለስ መብራቱ ለምን አይጠፋም? ባለቤቴ «ፖሊስ ባይኖር አንድም ሰው አያልፍም» ይላል። እኔ ደግሞ ፖሊሱ በሌለበት ማታ ቶሎ ቤታችን የምንገባ ይመስለኛል። የማናችን ነው ልክ?


መስመር ቀያሽ

ሠናይት፣ የምሠራው መንገድ ዲዛይን ላይ ነው፤ ከቁጥሩ ልጀምርልሽ።

የቆመ ሰልፍ አረንጓዴ ሲበራለት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት መኪኖች ይንቀራፈፋሉ። ከእነሱ ቀጥሎ ያሉት በአንድ መስመር በየ2 ሰከንዱ አንድ አንድ እየሆኑ ያልፋሉ። ይህ በሰዓት ወደ 1,800 መኪና ነው። እኛ ጋ ሚኒባስና ቅጥቅጥ ስለሚበዛ ያንሳል፣ ግን ለስሌት ይሁን። ዋናው ነገር ይህ ፍጥነት የሚቆየው ተጠጋግቶ የቆመው ሰልፍ እስኪያልቅ ብቻ መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ከሩቅ እየነዱ የሚደርሱ ናቸው፤ በመሀላቸው 5 ሰከንድ፣ 8 ሰከንድ ክፍተት አለ። መሀል ለቆመው ሰው ግን መኪና መምጣቱ ስላልተቋረጠ መንገዱ በደንብ እየሠራ ይመስለዋል። በየክፍተቱ የሚባክነው ጊዜ የአንቺና የባለቤትሽ ነው።

ለፖሊሱም ልሟገትለት። አንዱን አቅጣጫ አቁሞ ሌላውን በለቀቀ ቁጥር መስቀለኛው ለጥቂት ሰከንድ ባዶ ይሆናል፤ የመጨረሻው እስኪወጣ፣ የፊተኛው እስኪነሳ። አራት አቅጣጫ ካለ በአንድ ዙር አራት ጊዜ ይባክናል። ስለዚህ ሰልፉ ሲበዛ ረዘም አድርጎ መልቀቅ ትክክል ነው። ልክ የሚያጣው መጠኑ ላይ ነው። መብራት ሲሰላ ሙሉ ዙሩ 2 ደቂቃ ገደማ እንዳያልፍ ይጣራል። በእጅ ሲሆን ለአንድ አቅጣጫ ብቻ አራት አምስት ደቂቃ ሲሰጥ አያለሁ።

ያን ጊዜ የሚሆነውን ተመልከቺ። አንድ መኪና ከፊትና ኋላው ክፍተት ጋር 6 ሜትር ይይዛል ብንል 50 መኪና በአንድ መስመር 300 ሜትር ይሞላል። መሀል ከተማ በሁለት መስቀለኞች መካከል ያለው ርቀት ብዙ ቦታ ከዚህ አይበልጥም። ስለዚህ እዚህ የቆመው ሰልፍ ጅራቱ ከኋላ ያለውን መስቀለኛ ይዘጋል። እዚያ ያለው ፖሊስ ቢለቅም መሄጃ የለም። እሱም ያቆማል። እንዲህ እያለ ወደ ኋላ ይተላለፋል። የመጨረሻው መስቀለኛ ላይ ያለ ሹፌር ምን እንዳቆመው ፈጽሞ አያውቅም።

መብራቱንም ግን አላመስግነው። በቋሚ ሰዓት የሚሠራ መብራት ማዶ ያለው መንገድ ቢሞላም አረንጓዴ ያበራል። ሹፌሩ ይገባል፣ መሀል ይቆማል፣ ቀይ ሲበራ እዚያው ነው። ይህን ሊከለክል የሚችለው በዓይኑ የሚያይ ሰው ነው። በተለይ አንቺ በምታልፊበት ከመገናኛ ወዲያ ባለው መንገድ፣ ባቡሩ በ2008 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሐዲዱ መንገዱን ለሁለት ስለከፈለው ዞሮ መመለሻው ጥቂት ቦታ ላይ ነው። ለመዞር የሚጠብቀው ሰልፍ የግራውን መስመር ይይዛል፤ ቀጥታ የሚሄደው ከእሱ ለማምለጥ ወደ ቀኝ ይጋፋል። መብራት ይህን አያውቅም።


የመገናኛ ታክሲ

ኢንጂነር፣ ያልከው ገብቶኛል ወንድሜ። ከመገናኛ ሜክሲኮ ነው የምሠራው፣ መንገዱን አውቀዋለሁ። መስቀለኛውን የሚገድለው ግን መስቀለኛው ላይ ያለው ሳይሆን ካለፍከው በኋላ ያለው ሃምሳ ሜትር ነው።

እንደዚህ ነው። መስቀለኛውን እንዳለፍክ ሕዝብ ተኮልኩሎ ይጠብቃል። ፌርማታው ላይ ሁለት ሃይገርና አንድ አንበሳ ቆመዋል። ከኋላ የመጣው ሚኒባስ የሚገባበት የለውም። ውስጥ «ወራጅ አለ!» ይባላል። ሁለተኛው መስመር ላይ ይቆማል። ሰው ይወርዳል፣ ሌላው ሊገባ ይሻማል፣ ረዳቱ ይጣራል። ቀጥሎ የመጣው ሦስተኛው መስመር ላይ ይቆማል። የሦስት መስመር መንገድ በአንድ መስመር ቀረ። ፖሊሱ መሀል ሆኖ «ና፣ ና» ይላል፤ የት ይሂዱለት?

እሱ ጀርባውን ስለሰጠን አያየንም። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ፌርማታው ጫፍ ላይ ቆሞ «አውርድና ሂድ፣ እዚህ አትጥራ» ቢል ግማሹ ችግር በቆመበት ያልቃል። ሹፌሩም ይፈልገዋል። በአንድ ሰዓት አንድ ምልልስ ከምሠራ ሁለት ብሠራ እኔ ነኝ የምጠቀመው።

ሌላው ቅጣት ነው። ያጠፋ ይቀጣ፣ ክርክር የለኝም። ግን ጥግ አስይዞ ነው። አንድ ቀን በማታው ሰዓት አንድ ተቆጣጣሪ ቀኝ መስመር ላይ እንዳለሁ መስኮቴን መታ። «ጥግ ልያዝ?» አልኩት። «እዚሁ አቁም፣ መንጃ ፈቃድ» አለኝ። ከዚያ ሊብሬ። ከዚያ የታፔላዬን መስመር ጠየቀኝ። ከኋላዬ ያለው ሁሉ ክላክስ ላይ ተኝቷል፤ ወደ ግራ ለመውጣት የሚታገለው መኪና ግራውን መስመርም አቆመው። ክሱን ጽፎ ሰጠኝ፣ በቴሌብር ከፈልኩ። የሚቆጨኝ ብሩ አይደለም። ውስጥ የነበሩት ሰዎች እስከ ማዶ ድረስ የተዘረጋውን ሰልፍ እያዩ አንገታቸውን ይነቀንቁ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ከቤቱ የዘገየው ሦስት ሜትር ወደ ዳር ስላልወጣን ነው።


ነጭ ጓንት

እንደምን አመሻችሁ ልጆች። በትራፊክ ፖሊስነት ዘመኔን ጨርሼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ይህ ጥያቄ ልቤን ነክቶኛልና ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፣ ታገሡኝ።

በመጀመሪያ የቪትዟን ነገር። በሕጉ የፖሊስ እጅ ከመብራቱም ከሰሌዳውም ይቀድማል። ስለዚህ አሽከርካሪ መስቀለኛ ሲደርስ ቀድሞ የሚፈልገው ሰውን ነው፣ ከዚያ መብራቱን። ምልክቱም ቀላል ነው፤ ደረቱን ወይም ጀርባውን ከሰጠሽ ቁሚ፣ ጎኑን ከሰጠሽ እለፊ። ሆኖም ይህ ሥልጣን ግዴታም አለው። ሌሎቹ መቆማቸውን በዓይኑ ሳያይ አንዱን መልቀቅ የለበትም። በተለይ መብራቱ ለቆሙት አረንጓዴ የሚያሳይ ከሆነ ዓይኑ እነሱ ላይ መሆን አለበት፣ ምክንያቱም ሁለት ትእዛዝ ተሰጥቷቸዋል። እኛ ስንሠለጥን «መጀመሪያ አቁም፣ ቀጥሎ እይ፣ ከዚያ ልቀቅ» ነበር የምንባለው። ልጄ፣ መብራቱ ለምን አይጠፋም ላልሽው፣ በእጅ ከተያዘ ቢጫው ብልጭ ድርግም እንዲል ማድረግ ይሻላል። ያን ጊዜ ማንም ሰው መብራቱን አምኖ አይገባም።

አሁን ወደ መጨናነቁ። ፖሊስ ምን ያያል አልሽ። ልንገርሽ።

አዲስ አበባ ብዙዎቹ አደባባዮቿ በመብራት ሳይተኩ በፊት የአደባባይ ከተማ ነበረች። አደባባይ በጤናው ጊዜ ግሩም ነው፤ ቅድሚያ ውስጥ ላለው ነው፣ ሁሉም ይዞራል፣ ይወጣል። የሥራ መውጫ ሰዓት ሲሆን ግን ሁሉም አፍንጫውን ያስገባል። ውስጥ ያለው መውጫው ጋ ሲደርስ የሚገባው ይዘጋበታል። አራቱም መውጫ እንዲህ ሲሆን አንድም መኪና አይንቀሳቀስም፣ ከውጭም ክላክሱ ይጀምራል። ውሉ የጠፋ ልቃቂት ነው። ጎትተህ አትፈታውም፤ ውሉን ፈልገህ ነው።

አዲስ የመጣ ልጅ መሀል ገብቶ ፊሽካ ይነፋል፣ እጁን ያወራጫል። ምንም አይሆንም፤ ሹፌሩ መሄድ ቢፈልግም መሄጃ የለውማ። እኔ መጀመሪያ መግቢያዎቹን ነበር የምዘጋው። ብቻዬን ስሆን አራት መግቢያ እንዴት ልዝጋ? አንበሳ አውቶቡስ እጠብቃለሁ። አንዱን መግቢያው አፍ ላይ አቁሜ ሹፌሩን «እስክጠራህ እንዳትንቀሳቀስ» እለዋለሁ። ከአውቶቡስ ጋር ተጋፍቶ የሚገባ የለም። በሌሎቹ መግቢያዎች ደግሞ ከባድ መኪና ወይም ሃይገር።

ከዚያ በእግሬ እገባለሁ። በመኪኖቹ መሀል እየሄድኩ አንድ መኪና ነው የምፈልገው፤ እሱ ግማሽ ሜትር ቢንቀሳቀስ አንድ መውጫ የሚከፈትለትን። አብዛኛውን ጊዜ ትልቁ መኪና አይደለም። አፍንጫዋን ትንሽ አሳልፋ ያስገባች ትንሽ መኪና ናት። ኮፈኗን መታ መታ አድርጌ «ወደ ኋላ» እላለሁ። «ከኋላዬ አለ» ይላል። እሄድና ከኋላው ላለው እነግራለሁ፣ ከእሱ ኋላ ላለውም። ሦስት መኪና ትንሽ ትንሽ ወደ ኋላ ሲል አንድ ሲኖትራክ ይወጣል። እሱ የያዘው ቦታ የሦስት መኪና ነው። ከዚያ በኋላ ይፈሳል።

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚቆጣው። አደባባዩ ባዶ እስኪሆን መግቢያዎቹን አልከፍትም። ሹፌሮች ባዶ አስፋልት እያዩ ቆመዋል፤ ስድቡንም ሰምቻለሁ። ቸኩዬ ብከፍት ግን መውጫው ገና ስላልተራገፈ ተመልሶ ይቆለፋል፣ ሥራውም እንደገና ከመጀመሪያው ነው። ሠናይት፣ አረንጓዴ በርቶልሽ ፊትሽ ባዶ እያለ ስትቆሚ አንዳንዴ ምክንያቱ ይህ ነው። ማዶ ያለው መንገድ ሞልቷል፤ አንቺ ከመኪናው ውስጥ ሆነሽ አይታይሽም፣ ቆሞ ለሚያየው ግን ይታያል።

እንግዲህ ፖሊስ መብራት የማያየውን የሚያየው መውጫውን ነው። ካላየው ግን እዚያ መቆሙ ጥቅም የለውም። ኢንጂነሩ የጻፈውን አምስት ደቂቃ አንድ አቅጣጫ መልቀቅ እኔም አይቻለሁ፣ ያሳዝነኛል። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም። አንድ አቅጣጫ ሲጮህበት ያንን ያስተናግዳል፣ ሌላው እስኪጮህ። ጆሮውን ነው የሚከተለው። ከኋላ ያለው መስቀለኛ መዘጋቱን በሬዲዮ ካልነገሩት በምን ያውቃል?

የመገናኛው ልጅ ያለው በትክክል ሥራችን መሆን ያለበት ነው። ሁለት ሰው ካለ አንዱ መሀል፣ አንዱ መውጫው ላይ። አንድ ሰው ብቻ ካለ መውጫው ላይ! መሀሉን ለመብራቱ ይተውለት። መውጫው ከተራገፈ መብራቱ ራሱ ያስተናብራል። በእጅ መያዝ ለክፉ ቀን ነው፤ መብራት ሲጠፋ፣ መኪና ሲጋጭ ወይም መሀል ሲበላሽ፣ እጀባ ሲያልፍ። ክፉው ቀን ሲያልፍ እጅን ሰብስቦ ለመብራቱ መመለስ።

እጀባን ካነሣሁ፣ በየካቲት የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲኖር ከቦሌ እስከ ኅብረቱ ድረስ መንገድ ሲዘጋ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ፖሊስ ቀደም ብሎ አማራጭ መንገዶችን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ያስነግራል፣ ይህ ጥሩ ነው። ከባዱ መዝጋቱ አይመስላችሁ፤ መክፈቱ ነው። እጀባው እንዳለፈ አራቱንም አቅጣጫ አንድ ላይ የለቀቀ ፖሊስ ያን አካባቢ እስከ ማታ ድረስ አስሮታል። ከሁሉ የራቀው፣ ወደ ከተማ ውጭ የሚወስደው መስቀለኛ ነው ቀድሞ የሚከፈተው። እሱ ሲራገፍ ቀጣዩ፣ ከዚያ ቀጣዩ፣ ወደ ውስጥ እየመጡ። ይህ በደንብ ሲሠራ አይቻለሁ፣ ሕዝቡ ምን እንደተደረገለት እንኳ ሳያውቅ ቤቱ ይገባል።


እግረኛ ነኝ

ሁላችሁም ስለ መኪና ነው የምታወሩት። በዚህ ከተማ ከሚደረገው ጉዞ ግማሽ ያህሉ በእግር ነው፤ በመኪና አደጋ ከሚሞተውም አብዛኛው እግረኛ ነው። ጋሼ ነጭ ጓንት፣ አክብሮቴ ትልቅ ነው፣ ግን አንድ ልንገርዎ። ልጄን ከትምህርት ቤት ስመልስ የምንሻገርበት ላይ የእግረኛው አረንጓዴ ይበራል፣ ልጄ «እማዬ በራ» ትላለች፣ ፖሊሱ ደግሞ መኪኖቹን «ና፣ ና» እያለ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ እጁን እያወዛወዘ በመኪኖቹ መሀል ይገባል። እኔ ከነልጄ አልገባም። ዙሩ ሁሉ ለመኪና ሲታደል ቆሜ እጠብቃለሁ። ጠዋት ጠዋት ቁም የሚል ሰሌዳ ይዘው ልጆቹን የሚያሻግሩት ተማሪ ትራፊኮች ያሉበት ሰዓት ብቻ ነው ልቤ ተረጋግቶ የምሻገረው። ልጆች የሚያስቡትን ትልቅ ሰው እንዴት አያስብም?


ሠናይት ከሲኤምሲ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለባለቤቴ አነበብኩለት፣ ስለ አውቶቡሱ ያሉትን ሲሰማ «እውነት ነው፣ አይቻለሁ» አለ።

ጋሼ፣ ሁለት ነገር ልጠይቅዎ። የእህታችን የእግረኛዋ ጥያቄ የእኔም ነው። ሁለተኛ፣ እኔ እንደ አንድ ነዋሪ ምን ልበል፣ ለማን? «ፖሊሱን አንሡልን» ብል ስሕተት እንደሆነ አሁን ገብቶኛል። ምን ብዬ ነው የምጠይቀው?


ነጭ ጓንት

እህቴ እግረኛዋ፣ የምትይው ትክክል ነው፣ ምንም ማስተባበያ አላቀርብም። በእጅ የሚያስተናብር ፖሊስ የእግረኛውን መብራትም ወርሷል ማለት ነው። መብራቱ በየዙሩ ለእግረኛ ድርሻ ይሰጣል፤ እሱም በየዙሩ መስጠት አለበት። አሠራሩ ከባድ አይደለም። አቅጣጫ ሲቀይር፣ ሁሉም በቆመባት በዚያች ጊዜ፣ ሁለቱንም እጁን ዘርግቶ እግረኛውን ማሻገር ነው። ትንሽ ያረዝማታል እንጂ መስቀለኛውን አያስረውም። እንዲያውም ለእግረኛ የማይሰጥ ከሆነ እግረኛው በየመኪናው መሀል ይገባል፣ የለቀቀውም መኪና በየሜትሩ ፍሬን ይይዛል፣ ኢንጂነሩ የቆጠረው 2 ሰከንድ 4 ይሆናል። ሕፃን ይዛ የቆመች እናት እያየ ሦስት ዙር የሚያሳልፍ ፖሊስ ግን የትራፊክ ስሌት ሳይሆን ሌላ ነገር ጎድሎታል።

ሠናይት፣ ምን ብለሽ ትጠይቂ? በደፈናው «መንገዱ ተጨናነቀ» የሚል አቤቱታ መልስ አያመጣም፤ በየቀኑ ይሰማሉና። ለወረዳሽም ይሁን ለትራፊክ ማኔጅመንት፣ አንዱን መስቀለኛ ለይተሽ፣ ሰዓቱን ጠቅሰሽ ጻፊ። «ከ11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት የመብራቱ አመዳደብ ከማታው ሰልፍ ጋር ስለማይገጥም ይስተካከልልን። የቆመው ፖሊስ ፌርማታው ጋ ይቁምልን። በእጅ ሲያዝ መብራቱ ወደ ቢጫ ብልጭታ ይቀየር።» እንደዚህ ያለ ነገር አንድ ኃላፊ ነገ ጠዋት ሊያደርገው የሚችለው ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ድልድይ አይጠይቅም። ጎተራ ላይ ማሳለጫ ተሠራ፣ ፑሽኪን ጋ መሿለኪያ ተሠራ፣ ሁሉም ጥሩ ነው፣ ግን በየመስቀለኛው ማሳለጫ አይሠራም። ሌላው በሰው ነው የሚሠራው።

ቅጣትንም በተመለከተ የመገናኛው ልጅ ያቀረበውን አቤቱታ እደግፋለሁ። በማታው ሰዓት መሀል መስመር ላይ አስቁሞ ክስ መጻፍ መንገዱን ራስ መዝጋት ነው። ታርጋውን መዝግቦ ወደ ዳር ማውጣት፣ ዳር ከሌለ ደግሞ ቀጣዩ ሰፊ ቦታ ድረስ ማስከተል። መሀል መንገድ ላይ ለመጫን የቆመውንም ቢሆን መጀመሪያ ማስነሣት ነው፣ ቅጣቱ አያመልጥም።


የመገናኛ ታክሲ

ጋሼ ዕድሜ ይስጥልኝ። አንድ ብቻ ልጨምር። ፌርማታው ላይ የሚቆመው ሰው ከተራ አስከባሪዎቹ ጋር ይነጋገር። ሰልፍ ካለ ሰው አይሻማም፣ ታክሲውም ቶሎ ሞልቶ ይነሣል። ሰልፍ የሌለበት ፌርማታ ላይ አንድ ታክሲ ሰው እስኪወርድና እስኪሻማ የሚቆመው ሰልፍ ያለበት ቦታ ሁለት ታክሲ ጭኖ በሚሄድበት ጊዜ ነው።


ነጭ ጓንት

ጨምርበት ልጄ፣ ልክ ነህ።

ሠናይት፣ ደብዳቤውን ከመጻፍሽ በፊት አንድ ሥራ ልስጥሽ። ባለቤትሽ ይንዳ፣ አንቺ እይ። ፖሊሱን ሳይሆን መስቀለኛውን ካለፋችሁ በኋላ ያለውን ተመልከቺ። ፌርማታው ከመስቀለኛው ምን ያህል ይርቃል? ስንተኛው መስመር ነው ቀድሞ የሚዘጋው፣ በሚኒባስ ነው ወይስ ዞሮ ለመመለስ በሚጠብቅ መኪና? ዳር ላይ ያለቦታው የቆመ መኪና አለ? ይህን ሳይዙ የተጻፈ ደብዳቤ ደካማ ነው። ያየሽውን እዚህ ጻፊልን፤ ኢንጂነሩ ይሳልልሽ፣ እኔ ደግሞ ሰው የት እንደሚቆም ምልክት አደርግበታለሁ።